ከአዲስ አበባ አዲስ አበባ ስንት ማይል ነው?

ካርድ የያዘ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? የቀበሌ መታወቂያ አላልኩም። የባንክም አይደለም። የአየር መንገድ ካርድ ነው የምላችሁ። ሰው በበረረ ቁጥር ማይል የሚያጠራቅምለት፣ ማይሉ ሲበዛ ቀለሙ ከሰማያዊ ወደ ብር፣ ከብር ወደ ወርቅ የሚለወጠው።

ጋምቤላ ውስጥ ይህን ካርድ የያዘ ሰው ገና ከሩቅ ይታወቃል። ኪሱ ውስጥ አያስቀምጠውም። ከመሥሪያ ቤቱ መታወቂያ ጋር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ይዞራል። አንድ የማውቀው ሰው አለ፤ ስሙ ይቅር። ወርቁ ካርድ በደረሰው ሳምንት አውሮፕላን ማረፊያችን ሄዶ ጥበቃውን “ላውንጁ በየት በኩል ነው?” ብሎ ጠየቀው። ጥበቃው ማንጎ ዛፉን አሳየው። እንዳይመስላችሁ፣ ጥበቃው አልቀለደበትም። ዛፉ ሥር ጥላ አለ፤ አግዳሚ ወንበርም አለ፤ ከዚያ የተሻለ ማረፊያ በግቢው ውስጥ የለም።

ቀጥሎ ደግሞ “ወርቅ ካርድ ያላችሁ ቅደሙ” ተባለ። ቀደመ። እኛ ጋ አውሮፕላኑ ድረስ የሚኬደው በእግር ነው። ሰውየው ሻንጣውን እየጎተተ ብቻውን ሄዶ ደረጃው ሥር ቆመ። በሩ ግን ገና አልተከፈተም፤ ውስጡን እያጸዱ ነው። እኛ ጥላ ሥር ተቀምጠን ሰውየው ቅድሚያውን ፀሐይ ላይ ሲወስድ አየነው። የጋምቤላን ፀሐይ ለማታውቁት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ብቻ ሲሳፈር ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ነበር። ደስተኛ ነበር ግን። ቀንቼ የማወራ እንዳይመስላችሁ። እኔም ካርድ አለኝ። ሰማያዊ ነው።

ለምን ይህን ያህል ትበራላችሁ ትሉኝ ይሆናል። ሥራችን ነዋ። መሥሪያ ቤታችን ስደተኞችን የሚረዳ ድርጅት ነው። ሥራው ትየርኪዲ ካምፕ ነው፤ ስብሰባው አዲስ አበባ ነው። ስብሰባው ለምን ሥራው ካለበት አይደረግም ብሎ የጠየቀ ሰው ነበረን። ጥያቄው ጥሩ ነው ተባለና ለውይይት ተቀጠረ። ውይይቱ አዲስ አበባ ተደረገ። በመኪና እንዳንሄድ ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ መንገዱ ራሱ የት እንደገባ አይታወቅም። ስለዚህ እንበራለን።

ችግሩ ሁላችንም የምንበረው ጥቂት ጥቂት ነው። አንዱ በወር አንዴ፣ ሌላው በሁለት ወር አንዴ። ማይላችንም ጥቂት ጥቂት ነው። ነፃ ትኬት ለመቁረጥ ሳይደርስ ጊዜው ያልፍበትና ይቃጠላል። ሰው አየር ላይ ሆዱን ይዞ፣ ደመና ሲንጠው ጸሎት አድርሶ ያገኘውን ማይል እንዲያው በከንቱ ሲያጣ አያሳዝንም?

ይህን ነገር አይተው ዝም ያላሉት ጋሽ ደሳለኝ ናቸው። ጋሽ ደሳለኝ የመሥሪያ ቤታችን የተሽከርካሪ ኃላፊ ናቸው። እንደኔው የአቦቦ ሰው ናቸው፤ የሁለታችንም ወላጆች በሰፈራ ከደጋ መጥተው እዚያ ማሳ የያዙ ገበሬዎች ናቸው። አቦቦ ውስጥ ብቻውን የሚያርስ የለም፤ ደቦ ይጠራል። ብቻውን የሚቆጥብ የለም፤ ዕቁብ ይገባል። ጋሽ ደሳለኝ ባደጉበት ዓይን ነገሩን አዩትና ለምን በማይል ዕቁብ አንገባም አሉን።

ገባን። አራት ነበርን። ጋሽ ደሳለኝ ዳኛ ሆኑ። መጀመሪያ የአራታችንን ማይል አንድ ላይ ማደባለቅ ይቻል እንደሆነ ለመጠየቅ ከተማው መሃል ያለው የትኬት ቢሮ ሄዱ። ቢሮው ውስጥ ሠናይት የምትባል ትዕግሥተኛ ልጅ አለች። ማይል ማደባለቅ የሚፈቀደው ለቤተሰብ ብቻ ነው አለቻቸው። ታዲያ እኛ ምንድን ነን አሏት። ምንድን ናችሁ አለቻቸው። ዕቁብተኞች ነን አሏት። ሠናይት ሰው የማታስቀይም ልጅ ስለሆነች ኮምፒውተሯን አየችላቸው። ባል ይላል፣ ሚስት ይላል፣ ልጅና ወላጅ ይላል። ዕቁብተኛ አይልም።

ጋሽ ደሳለኝ ግን በዚህ የሚመለሱ ሰው አይደሉም። ማይሉን ማደባለቅ ካልተፈቀደልን ጉዞውን እናደባልቀዋለን አሉ። ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣለት ሰው እስከሚቀጥለው ዕጣ ድረስ የመሥሪያ ቤቱን የአዲስ አበባ ጉዞ ሁሉ ጠቅልሎ ይወስዳል። የጤና ስብሰባ ይሁን፣ የውኃ ይሁን፣ የመኪና ይሁን፣ እሱ ይሄዳል። ሌሎቻችን ያን ሰሞን ሥራ ይበዛብናል፤ ሆዳችንን ያመናል፤ ዘመድ ይሞትብናል።

ሌብነት ነው እንዴ? እኔም አስቤበታለሁ። መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ሊልክ ነበር፤ አንድ ሰው ላከ። ስብሰባው ሰው ይፈልጋል፤ ሰው አገኘ። የተሰበሰበው ሰው ስለ ጉዳዩ ማወቅ አለበት የሚል ነገር በጥሪው ላይ አላየሁም።

እኔ እዚያ ቤት ሥራዬ ሪፖርት መጻፍ ነው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ለእኔ ስለነበር የጄኔሬተር ጥገና ሥልጠና ላኩኝ። ስለ ናፍጣ ማጣሪያ ሰማሁ፣ ስለ ዘይት ሰማሁ። በመጨረሻ አሠልጣኙ ሞተር ፈታቶ ጠረጴዛ ላይ በተነና በሉ ግጠሙት አለን። ሌሎቹ ገጠሙ። እኔ እንዴት እንደተበተነ በሚገባ ገልጬ ጻፍኩ።

ከእኔ ቀጥሎ ኦባንግ ነበር። ኦባንግ የውኃ መሐንዲሳችን ነው። እዚሁ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ አኙዋ ነው፤ ቁመቱ ረጅም ስለሆነ በየቢሮው በር ሲገባ አንገቱን ደፍቶ ነው። ለእሱ የደረሰው የጡት ማጥባት ሥልጠና ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንድ እሱ ብቻ ነበር አሉ። ሲመለስ ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ቧንቧ ሊያይ ካምፕ ይገባና እናቶችን ሰብስቦ “እስከ ስድስት ወር ለሕፃኑ ውኃ እንኳ አትስጡ” ይላቸዋል። እናቶቹ ግራ ተጋቡ። ትናንት ንጹሕ ውኃ ጠጡ እያለ ሲለምናቸው የነበረው እሱ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን በዓመቱ መጨረሻ በእኛ መሥሪያ ቤት በሥራ ክፍሎች መካከል ያለው ቅንጅት በሌላ ቦታ ያላዩት እንደሆነ ተናገሩ። አጨበጨብን። ምን እናድርግ?

እንግዲህ ወደ ኛሪክ ልምጣ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ለእሷ ብዬ ነው።

ኛሪክ የሥነ ምግብ ባለሙያችን ናት። አራተኛዋ ዕቁብተኛ። ኑዌር ናት፤ ዘመዶቿ ግማሾቹ ከድንበሩ ወዲህ፣ ግማሾቹ ከድንበሩ ወዲያ ናቸው። እናቷ ጁባ ከወንድሟ ጋር ይኖራሉ። ኛሪክ እናቷን ካየቻቸው ብዙ ዓመት ሆኗታል። በዚህ መሃል እዚህ አግብታለች፣ ወልዳለች። ልጇ አሁን መሮጥ ጀምሯል። አያቱን የሚያውቃቸው በስልክ ውስጥ ባለች ድምፅ ነው። ስልክ ሲያይ አያቴ ናት እያለ ጆሮው ላይ ይለጥፋል፤ የእኔን ስልክ እንኳ ቀምቶኝ ያውቃል።

እናትየዋ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። በየብስ ይምጡ ማለት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ ኛሪክ በአውሮፕላን ላምጣት አለች። ከጁባ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ጋምቤላ። በደመወዟ የሚቻል አልነበረም። በማይል ግን ይቻላል። በስልክ ባወሩ ቁጥር “እማዬ፣ ዘንድሮ ትመጫለሽ” ትላቸዋለች። ዘንድሮ ማለት ከጀመረች ቆይቷል። ምን ቀረሽ ይሏታል። ማይል ትላቸዋለች። ማይል ምን እንደሆነ ማስረዳት ቢያቅታት፣ የሚጠራቀም ነገር ነው፣ ሲሞላ ትመጫለሽ አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እናትየዋ ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ሆነ። “አልሞላም ገና?” “ሊሞላ ነው እማዬ።” ስልኩን ዘግታ ማይሏን እንደገና ትደምራለች።

ባለፈው ክረምት ጉዳዩ አጣዳፊ ሆነ። ከማይሏ ብዙው አሮጌ ስለነበር በፈረንጆቹ ወር መጨረሻ ላይ ሊቃጠል ሆነ። ከዚያ በፊት ካልሞላችው እንደገና ከዜሮ መጀመሯ ነው። ጋሽ ደሳለኝ ሰበሰቡን። ተራው ዞሮ እንደገና የኦባንግ ነበር። ኦባንግ ደግሞ የብር ካርድ ሊይዝ ጥቂት ነው የቀረው። የብር ካርድ ያለው ሰው ተጨማሪ ሻንጣ ይፈቀድለታል። አዲስ አበባ እህቶች አሉት፤ የደረቀ የባሮ ዓሳ በሻንጣ ሙሉ ሊወስድላቸው ቃል ገብቷል።

ጋሽ ደሳለኝ “ኦባንግ፣ ዓሳ ይሻላል እናት?” አሉት።

ኦባንግ አሰበ። ማሰቡን አልወደድንለትም።

“እናት ይሻላል” አለ በመጨረሻ። “ግን ዓሳውም ለሌላ ጊዜ ይያዝልኝ።”

ኛሪክ ያን ክረምት ያልተሰበሰበችው ስብሰባ የለም። የመኪና ጎማ ግዥ ላይ ተሳተፈች። የሒሳብ ሶፍትዌር ተማረች። ስለ መጋዘን የእሳት አደጋ ውይይት ሄዳ ሐሳብ ሰጥታ ተጨበጨበላት። በየመሃሉ ልጇን ለጎረቤቷ ለማርታ ትሰጣለች። ማርታ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ አብራት የምትዘምር ኑዌር ናት፤ ባሏ ባጃጅ አለው። ኛሪክ ስትሄድ ልጁ ያለቅሳል፤ አያትህን ላመጣ ነው የምሄደው ትለዋለች፤ ዝም ይላል።

በመጨረሻ አንድ መንገድ ብቻ ቀራት። ከአዲስ አበባ ወደ ጋምቤላ የምትመለስበት። እሱ ከተመዘገበ ይሞላል። ቀኑም የወሩ የመጨረሻ ቀን ነው። እሱም ምንም አይደል፤ አውሮፕላኑ የሚያርፈው ቀትር ላይ ስለሆነ ገና ግማሽ ቀን አለን አልን። ለማታ ተሰብስበን ትኬቱ ሲቆረጥ ልናይ ተቀጣጠርን። ኦባንግ እንኳ ለስላሳ እኔ ነኝ የምገዛው ብሎ ነበር።

ያን ቀን ግን ሰማዩ ወርዶ ባሮ ላይ ተኝቷል። ዝናብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የድልድዩ ማዶ አይታይም። ቀትር ሲሆን የአውሮፕላኑን ድምፅ ከደመናው በላይ ሰማን። ሁላችንም ከቢሮ ወጥተን በረንዳ ላይ ቆምን። ዞረ። እንደገና ዞረ። ኦባንግ ኛሪክ መጣች አለ። የአውሮፕላኑ ድምፅ ወደ ምሥራቅ ቀጠነና ጠፋ። 

ትንሽ ቆይቶ ኛሪክ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። አብራሪው ማረፊያው አይታየኝም አለ፤ ዞርን ዞርን፤ መለሰን አለችኝ። በሰላም ተመለሳችሁ ዋናው እሱ ነው አልኳት። ማይሉ አልገባም አለችኝ። ስልኳ ላይ ከፍታ አይታዋለች፤ ዜሮ ነው የሚለው። ነገ ነው እንግዲህ የሚበረው፤ ነገ ደግሞ አሮጌው ማይል የለም። እኔ ከዚህ በስልክ ከአየር መንገዱ ጋር እከራከራለሁ፣ እናንተ ሠናይት ጋ ሂዱልኝ፣ ሳትዘጋ ድረሱባት አለችኝ። ኛሪክ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም። ያን ቀንም አላለቀሰችም። ግን “እማዬን ምን እላታለሁ?” አለችኝ።

ጋሽ ደሳለኝ፣ ኦባንግና እኔ ዝናቡ ውስጥ ሮጥን። ሠናይት እንዲህ እንደበሰበስን ስታየን ወንበር ሰጠችን። ነገሩን ነገርናት።

“ከየት ተነሳች?” አለች።

“ከአዲስ አበባ።”

“የት አረፈች?”

“አዲስ አበባ።”

“ከአዲስ አበባ አዲስ አበባ ስንት ማይል ነው?”

 መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን።

መጀመሪያ ጋሽ ደሳለኝ ተነሱ። አንድ መኪና ትየርኪዲ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መንገዱ ጎርፍ ሆኖበት ቢመለስ፣ ኪሎ ሜትሩ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም አሏት። ቆጣሪው ይቆጥራል አለች ሠናይት፤ ግን ጋሼ፣ እርስዎ ዕቃው ደርሷል ብለው ይፈርማሉ? ጋሽ ደሳለኝ ሃያ ዓመት ሙሉ ያልደረሰ ዕቃ ደርሷል ብለው ፈርመው አያውቁም፤ በዚህም ይኮራሉ። ተቀመጡ።

ኦባንግ ቀጠለ። ኦባንግ አማርኛን ሲናገር አያጣድፈውም፤ እያንዳንዱን ቃል አስቀምጦ ነው የሚሄደው። “ሠናይት፣ ፓምፕ ውኃ ስቦ ታንከር ሳይደርስ ቢመለስ፣ የተቃጠለው ናፍጣ አይመለስም። የኛሪክ ጊዜ ተቃጥሏል። አውሮፕላኑ በእኛ ራስ ላይ ነበር። በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ እኔ ምስክር ነኝ።” ሠናይት የአውሮፕላኑን ድምፅ እኔም ሰምቻለሁ አለችው፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ወደ ቤቱ ሳይገባ ነው የተመለሰው። ገብቷል ብዬ ልጻፍ?

እኔም በሙያዬ ሞከርኩ። እኛ ቤት ምንም ውጤት ያልተገኘበትን ስብሰባ “በተሳካ ሁኔታ ተካሂዷል” ብለን እንጽፋለን አልኳት። ታድላችሁ አለችኝ።

ሠናይት ክፉ ልጅ ብትሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለን ነበር። ክፉ አይደለችም። ለእኛ ብላ አለቃዋ ጋ ደወለች። ደንቡ ምን እንደሚል እያወቀች ጠየቀችልን። አለቃዋ የነገሯትን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። ደንቡን ያወጣ ሰው እናቱን ጁባ ትቶ ጋምቤላ የሚኖር ሰው ያለ አልመሰለውም። እሱንስ ምን ብለን እንውቀሰው? ሰማዩን ደመና አላለበሰው።

በየመሃሉ ኛሪክ ጋ እንደውላለን። ስልኳ ተይዟል። አንዴ ብቻ መልእክት ላከችልኝ፤ መስመር ላይ ነኝ፣ ሙዚቃ እያሰሙኝ ነው ይላል። እኛም እዚህ ስንከራከር፣ እሷም እዚያ ሙዚቃ ስትሰማ፣ ዐሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሠናይት ይቅርታ ጠይቃን ኮምፒውተሯን አጠፋች። ጃንጥላዋን ለጋሽ ደሳለኝ ልስጥዎት አለች። አልተቀበሏትም። አኩርፈው አይደለም፤ ዝናቡ ቆሟል።

ደጅ ወጥተን ቆምን። ኛሪክን ምን እንደምንላት እየተመካከርን ነበር። እኔ እውነቱን እንንገራት አልኩ፤ ጋሽ ደሳለኝ እውነቱን ነገ ስትመጣ በአካል ይሻላል አሉ፤ ኦባንግ በሚቀጥለው ተራ የራሱን ጉዞ ሁሉ ለእሷ እንደሚሰጥ ማለ። ዓሳውንም ተወው። እንዲህ እያልን ሳለ አንድ ጭቃ የለበሰ ባጃጅ አጠገባችን ቆመ። ማርታ ወረደች።

“እናንተ፣ ኛሪክ ስልኳን ምን አድርጋው ነው? ከቀትር ጀምሮ ስደውል ተይዟል ይለኛል። መሥሪያ ቤታችሁ ብሄድ እዚህ ናቸው አሉኝ” አለችን።

ባጃጁ ውስጥ ከኋላ አንዲት ረጅም አሮጊት ተቀምጠዋል። ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመዋል። የኛሪክ ልጅ ጭናቸው ላይ ተኝቶ አፉን ከፍቷል።

ማርታ ነገሩን አንድ በአንድ አወራችልን። ጠዋት የኛሪክን በር ሲያንኳኩ ነው ያየቻቸው። ጁባ ላይ ከዘመድ ጋር የእህል ጀልባ ላይ ተሳፈሩ። ወንዙን ይዘው ወረዱ፣ ከዚያ ወደ ባሮ የሚያደርሰውን ሌላውን ወንዝ ይዘው ወጡ፣ ድንበራችን ላይ ማታር ደረሱ። ከማታር በክረምት ብቻ በሚሄደው ሞተር ጀልባ ኢታንግ፣ ከኢታንግ በመኪና እዚህ። ስንት ቀን ፈጀብዎት ብትላቸው አልቆጠርኩም አሏት። ወንድ ልጃቸውን ለእህትህ ትንፍሽ እንዳትል ብለውት ነው የወጡት፤ ከሰማች ትከለክለኛለች ብለው። ማርታ ደግሞ ልጅዎ ዛሬ ቀትር ላይ ትመጣለች፣ ሄደን እንቀበላት አለቻቸውና አውሮፕላን ማረፊያ ወሰደቻቸው። ማንጎው ሥር ተቀምጠው ጠበቁ። አውሮፕላኑ ራሳቸው ላይ ሲዞር ሰሙት። ሲሄድም ሰሙት። ልጄ መጥታ ወዴት ሄደች ብለው ጠየቋት።

ሦስታችንም አሮጊቷን አየን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተከራከርነው እኚህን ሴት ለማምጣት ነው። ጋሽ ደሳለኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኦባንግ ስልኩን አውጥቶ ኛሪክ ጋ ደወለ። ተይዟል።

እናትየዋ እኛን እያዩ ማርታን በኑዌርኛ አንድ ነገር ጠየቋት። እነዚህ እነማን ናቸው፣ ልጄስ ይህን ሁሉ ሰዓት ከማን ጋር ነው የምታወራው ማለታቸው ነው። ማርታ ዞራ እኛን ጠየቀችን። ጋሽ ደሳለኝ ማይሉን፣ ደመናውን፣ ደንቡን፣ ዕቁቡን ሳይቀር አስረዷት። ማርታም አስረዳቻቸው። ረጅም ነበር። እናትየዋ የተኛውን ልጅ እግር በእጃቸው ይዘው አዳመጡ። ሲያልቅ ጥቂት ቃል ብቻ ተናገሩ።

“ምን አሉ?” አልኩ።

ማርታ እንደ መሳቅም እንደ ማልቀስም አላት።

“ማይሉን ስጠብቅ ወንዙ ቀድሞ ሞላልኝ አሉ። ስልኩን ትዝጋው በሏት፣ መጥቻለሁ አሉ።”

ኦባንግ እንደገና ደወለ። ኛሪክ እናቷን ለማምጣት እየተከራከረች ስለነበረ አላነሳችም።